ተቀምጦ ስላሎም መወዳደር፦ ከመጀመሪያው የስኪ ቀን እስከ መጀመሪያው ውድድር

ታናሽ ወንድሜ ከእምብርቱ በታች አይሰማውም፣ የመኪና አደጋ ነው። ግን ዲሴምበር ከገባ ቅዳሜና እሁድ ኮሎራዶ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ቤቱ ብትሄዱ አታገኙትም፣ ዊንተር ፓርክ ተራራው ላይ ሞኖስኪው (ተቀምጠው የሚወርዱበት ባለ አንድ ስኪ ወንበር) ውስጥ ተቀምጦ በቀይና በሰማያዊ ዘንጎች መሃል እየተጥመለመለ ሲወርድ ነው የምታገኙት። እኔ ሹፌሩም ዕቃ ተሸካሚውም ስኪ ሞራጁም ነኝ። ልጃቸው ወይ ራሳቸው ዊልቸር ላይ ያሉ የኛ ሰዎች እየደወሉ "እንዴት ነው የሚጀመረው?" ሲሉኝ በስልክ ጀምሬ ሳልጨርሰው ስለሚቀር እዚ አንድ ላይ ጻፍኩት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም በዚህ ስፖርት ሰው የሚሳሳተው ዘንጉ ጋ ሲደርስ አይደለም፣ ቀደም ብሎ ነው፣ መቀመጫው ሲለካ፣ ካልሲ ሲለበስ፣ ከዘንጉ በላይ ባለችው ሁለት ሜትር ላይ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስላሎም ከአልፓይን ስኪ (በበረዶ ላይ ተንሸራቶ ተራራ የመውረድ) ውድድሮች ሁሉ መታጠፊያው የበዛበትና የተቀራረበበት ነው። ዘንጎቹን ጌት ነው የምንላቸው፣ ቀይና ሰማያዊ እየተፈራረቁ ይተከላሉ፣ ከአንዱ መታጠፊያ እስከ ቀጣዩ ከ6 እስከ 13 ሜትር ነው፣ ስለዚ ለማሰብ ጊዜ የለም። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይወረዳል፣ ለሁለተኛው ዙር ጌቶቹ ተነቅለው በሌላ አቀማመጥ ይተከላሉ፣ የሁለቱ ሰዓት ይደመራል፣ አንድ ጌት ከዘለላችሁ በቃ ወጣችሁ። ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) ላይ ስላሎም ከመጀመሪያው የክረምት ውድድር ጀምሮ አለ፣ 1976 ስዊድን ኦርንሼልድስቪክ ላይ። (እዛው የመጀመሪያው ላይ አንድ አፍሪካዊም ነበር፣ ዓይነ ስውሩ ኡጋንዳዊ ቶፊሪ ኪቡካ፣ እሱ ግን በአገር አቋራጭ ስኪ ነው የተወዳደረው። ወንድሜ ይሄን ሲሰማ ስሙን ጽፎ ሄልሜቱ ውስጥ ለጠፈው።) ተቀምጠው የሚወርዱት የገቡት ቆይቶ 1988 ኢንስብሩክ ላይ ነው።

ተወዳዳሪዎቹ በሦስት ይከፈላሉ፦ ቆመው የሚወርዱ፣ ተቀምጠው የሚወርዱ፣ እና ማየት የተሳናቸው። የመጨረሻዎቹ ፊት ፊታቸው ጋይድ (መንገድ መሪ) ይወርድላቸዋል፣ በሄልሜት ውስጥ ባለ ሬዲዮ ያወራሉ፣ ሜዳልያም ሲመጣ ጋይዱም ይሸለማል። አንድ እግር ያላቸው፣ አንድ እጅ ያላቸው፣ ሁሉም የራሱ አወራረድ አለው። እኔ በደንብ የማውቀው የተቀማጮቹን ስለሆነ ስለሱ ነው የምጽፈው።

አንድ፦ ስኪ ከማየታችሁ በፊት ሐኪም ጋ

ይሄን ማንም መዝለል ይፈልጋል፣ እንዳትዘሉት። ለረጅም ጊዜ ያልቆመ እግር አጥንቱ ይሳሳል፣ በቀላል አወዳደቅ ሊሰበር ይችላል፣ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ መሰበሩንም አታውቁትም። ስለዚ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ጠይቁ። ጉዳታችሁ ደረት ላይ ካለው ስድስተኛው የአከርካሪ አጥንት ወይ ከሱ በላይ ከሆነ ደግሞ የደም ግፊት በድንገት የሚወጣበት ነገር አለ፣ ምልክቱ ጭንቅላትን የሚፈልጥ ራስ ምታት፣ ፊት መቅላት፣ ከጉዳቱ በላይ ላብ። ብዙ ጊዜ መነሻው የሞላ ፊኛ፣ የታጠፈ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ወይ በጣም የጠበቀ ቀበቶ ነው። እንደዛ ሲሆን ቀጥ አርጋችሁ አስቀምጡት፣ ቀበቶውን ሁሉ ፍቱ፣ ካቴተሩን እዩ፣ ቶሎ ካልተሻለው አምቡላንስ ጥሩ። አብሮ የሚሄደው ሰው ይሄን ሳያውቅ ተራራ አይወጣም።

ከፍታውንም አስቡት። ዊንተር ፓርክ ግርጌው ራሱ ወደ 2,740 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ከፍ ይላል፣ እኛ ዴንቨር ስለምንኖር ትንሽ ይቀለናል፣ ከዝቅተኛ ቦታ በአውሮፕላን የምትመጡ ግን የመጀመሪያውን ቀን አርፉ፣ ውሃ ጠጡ።

ሁለት፦ የት ነው የሚጀመረው

ዕቃ አትግዙ። ደግሜ ልበለው፣ ዕቃ አትግዙ። ለአካል ጉዳተኞች ስኪ የሚያስተምሩ ቦታዎች ሞኖስኪውንም አሰልጣኙንም አብረው ይሰጧችኋል። ዊንተር ፓርክ ያለው የአካል ጉዳተኞች ብሔራዊ የስፖርት ማዕከል 1970 ላይ እግራቸው ወይ እጃቸው ለተቆረጠ የዴንቨር ሕፃናት ስኪ በማስተማር ነው የጀመረው፣ ዛሬ የራሱ የውድድር ቡድን አለው። የእስራኤሏ ሺና ቫስፒ እዚሁ ዊንተር ፓርክ ነው የሰለጠነችው፣ 2022 ቤጂንግ ላይ በክረምት ፓራሊምፒክ አገሯን የወከለች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። ዩታ ፓርክ ሲቲ ላይም ትልቅ ማዕከል አለ። ብሬከንሪጅ ላይ ደግሞ በየዓመቱ ዲሴምበር መጀመሪያ ሙቭ ዩናይትድ የሚባለው የአካል ጉዳተኞች ስፖርት ድርጅት የሚያዘጋጀው የስኪ ሳምንት አለ፣ ጀማሪም ተወዳዳሪም አንድ ላይ ስለሚሆን ዕቃ ለማየትና ሰው ለማወቅ እንደሱ የሚሆን የለም።

ስትመዘገቡ ከወገባችሁ በላይ ያለው ጡንቻ ምን ያህል እንደሚታዘዝ በግልጽ ንገሯቸው። ሆዳችሁንና ጀርባችሁን መቆጣጠር ከቻላችሁ ሞኖስኪ (ከታች አንድ ስኪ ብቻ ያለው) ላይ ያስቀምጧችኋል፣ በጣም ካልቻላችሁ መጀመሪያ ባይስኪ ላይ፣ ከታች ሁለት ስኪ ስላለው ቶሎ አይገለበጥም። ውድድር ግን በአንድ ስኪ ነው።

ሦስት፦ መቀመጫው

እዚጋ ቆም በሉ፣ ሁሉ ነገር እዚ ነው ያለው። ሞኖስኪ ማለት ሰውነትን የሚያቅፍ ጠንካራ መቀመጫ (ባኬት ይሉታል)፣ ከሱ ስር እንደ መኪና ሾካብዞርበር ያለው ፍሬም፣ ከፍሬሙ ስር ደግሞ ማንኛውም ሰው የሚያደርገው ዓይነት ስኪ ነው። ቆሞ የሚወርድ ሰው ስኪውን የሚያዘው በቁርጭምጭሚትና በጉልበቱ ነው፣ እናንተ የምታዙት በዳሌና በጎን አጥንታችሁ ነው፣ ስለዚ ባኬቱና ሰውነታችሁ መሃል ክፍተት ካለ ትዕዛዛችሁ ስኪው ጋ ዘግይቶ ይደርሳል። ስላሎም ላይ የዘገየ ነገር አይሰራም።

መለኪያው ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ሞኖስኪው ውስጥ ይቀመጥ፣ ቀበቶዎቹ ይጥበቁ (ጭን ላይ፣ ዳሌ ላይ፣ እንደ ጉዳቱ ደረት ላይ)፣ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ይያዘው። አሁን ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ያዘንብል። ስኪው አብሮት እዛው ካዘነበለ ልክ ነው። መጀመሪያ ሰውየው፣ ቀጥሎ ስኪው ከሆነ ሰፊ ነው። በዳሌውና በባኬቱ ግድግዳ መሃል እጃችሁ በነፃ ከገባም ሰፊ ነው። የሚሞላው በልክ በተቆረጠ ስፖንጅ ነው እንጂ በፎጣና በጋቢ አይደለም፣ የተጣጠፈ ጨርቅ ይንሸራተታል፣ ቆዳም ይቆነጥጣል። ቀጥሎ ሚዛኑ፣ እጁን ከመሬት ሲያነሳ ወደ ኋላ የሚወድቅ ከሆነ ፍሬሙ ትንሽ ወደ ፊት ይገፋለት፣ ክብደቱ ወደ ስኪው መሃል ይምጣ።

ስለ ቆዳ ደግሞ የደረሰብንን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እናታችን ብርድ እንዳይመታው ብላ ሁለት ካልሲ ደርባ አለበሰችው፣ እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ማታ ቤት ገብተን ቡና እየተቆላ ቡትሱን ሳወልቅለት ተረከዙ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ቀይ ምልክት አየሁ። በጣቴ ተጫንኳት፣ አልነጣችም፣ ቆዳው መጎዳት ጀምሯል ማለት ነው። የታችኛው ካልሲ ተረከዙ ጋ አንዲት እጥፋት ሰርቶ ቀኑን ሙሉ ሲጫነው ውሏል፣ እሱ ምን ይሰማዋል። ለዛች ባቄላ ሦስት ሳምንት በረዶ ሳይረግጥ ቀረ። ከዛ ወዲህ ሕጋችን አንድ ካልሲ፣ ስፌት የሌለው፣ በእጅ ተዳብሶ የሚለበስ ነው። የሚሞቁ ከረጢቶችንም በማይሰማ እግር ላይ ቆዳ አስነክታችሁ እንዳታረጉ፣ ሲያቃጥል አይታወቅም። ብርዱም እንደዛው ነው፣ በየሰዓቱ ገብቶ ጣቶቹ ይታዩ።

አራት፦ አውትሪገር፣ ሊፍት፣ አወዳደቅ

አውትሪገር ማለት ጫፉ ላይ አጭር ስኪ ያለው ክራንች ነው፣ አንድ ገመድ ስትስቡ ጫፉ ይቆማል ለመግፋት፣ ስትለቁት ይተኛል ለመንሸራተት። ርዝመቱ እጃችሁን ትንሽ አጠፍ አርጋችሁ ትከሻችሁ ሳይነሳ መሬት የሚነካ ይሁን። ከረዘመ ትከሻችሁን ይበላዋል፣ ትከሻ ደግሞ ለዊልቸር ሰው እግሩም ጭምር ነው።

ሊፍት (ወደ ተራራው ጫፍ የሚያወጣው በገመድ የሚሄድ ወንበር) ላይ መውጣት ያስፈራል ግን በሁለት ቀን ይለመዳል። ሠራተኛው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሞኖስኪው ላይ ያለውን ማንሻ ለቃችሁ ባኬቱን ከፍ አርጉት፣ ወንበሩ ከኋላ ሲመጣ በአውትሪገር ገፋ፣ ከስር ይገባላችኋል። የሞኖስኪውን ማሰሪያ የሊፍቱ ወንበር ላይ ማያያዝ እንዳይረሳ፣ ላይ ስትደርሱ መፍታትም እንዳይረሳ። ከሊፍት ስትወርዱ ባኬቱ ዝቅ ብሎ መቆለፉን በጆሮ ስሙ፣ ቀጭ ይላል።

ስትወድቁ እጃችሁን አትዘርጉ። ክንዳችሁን ወደ ደረት ሰብስባችሁ በጎን ውደቁ፣ ለመነሳት ስኪውን ከቁልቁለቱ አንፃር አግድም አርጉና በላይ በኩል ባለው አውትሪገር ግፉ። የመጀመሪያው ሳምንት ይሄን ሃምሳ ጊዜ ትሰሩታላችሁ።

አምስት፦ ያለ ጌት መታጠፍ

አብዛኛው ሰው ቶሎ ወደ ጌት መግባት ይፈልጋል፣ ወንድሜም እንደዛ ነበር፣ ኮቹ ግን አንድ ሙሉ ዊንተር ከለከለው፣ አሁን ሳስበው ልክ ነበር። መጀመሪያ የሚለመደው እንዲ ነው፦ ደረትና ፊት ወደ ቁልቁለቱ፣ ሁለቱም እጅ ከዳሌ ቀደም ብሎ ፊት፣ አውትሪገሮቹ በረዶውን ዳሰስ ብቻ። መታጠፊያው የሚመጣው ከዳሌ ነው፣ ዳሌ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ትከሻ ግን ወደ ውጭ ሚዛን ይጠብቃል። የሁሉም ጀማሪ በሽታ በውስጥ በኩል ባለው አውትሪገር ላይ መደገፍ ነው፣ ሲደገፉበት ክብደቱ ከስኪው ይወጣል፣ ጠርዙ ይለቃል፣ ይንሸራተታሉ። ማስለቀቂያው የውስጡን አውትሪገር ለአስር መታጠፊያ ከበረዶው አንድ ስንዝር አንስቶ መውረድ ነው። ጓንቱ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚወርደው መጀመሪያ ላይ፣ ቀስ በቀስ ይረጋል።

ጥሩ ምሳሌ ካስፈለጋችሁ የኖርዌዩ የስፐር ፔደርሰን ሲወርድ እዩ፣ 2022 ቤጂንግ ላይ ስላሎሙን ጨምሮ 4 ወርቅ ያገኘው። ከታች ስኪው እንደ እብድ ይመላለሳል፣ ራሱና ትከሻው ግን ዝም ነው ያሉት።

ስድስት፦ ጌት መግባት

በአጫጭር ብሩሽ ጌት ነው የሚጀመረው፣ ቁርጭምጭሚት የሚያክሉ ናቸው፣ ብትመቷቸውም አይጎዱም። ቀጥ ባለ ሪትም አስር ይተከል፣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ትንፋሽ አውጡ፣ ድምፅ ይኑረው፣ ኮቹ ከታች ሆኖ ትንፋሻችሁን ሲሰማ ሪትማችሁ የት እንደተበላሸ ያውቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ጀማሪ ዘንጉን እያየ ዘንጉ ላይ ይታጠፋል፣ ከዛ መታጠፊያው ከዘንጉ በታች ያልቃል፣ ለቀጣዩ ይዘገያል፣ ለሦስተኛው የባሰ፣ አምስተኛው ላይ ወጣ። መሆን ያለበት ስኪው ዘንጉ ጋ ሲደርስ አብዛኛው መታጠፊያ አልቆ ወደ ቀጣዩ እያየ ነው። ስለዚ የምታነጣጥሩት ዘንጉን ሳይሆን ከዘንጉ በላይ ያለ ባዶ በረዶ ነው። ኮቹ ለወንድሜ ምን አረገ መሰላችሁ፣ ከየዘንጉ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ትንሽ ወደ ውጭ በሰማያዊ ቀለም በረዶው ላይ ነጥብ ረጨለት፣ "ዘንጉን እርሳው፣ ነጥቧ ላይ ስኪው መታጠፍ ጀምሮ ይገኝ" አለው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወርድ ድምፁ ራሱ ተለወጠ፣ ሽርርር ይል የነበረው ስኪ ጭጭ ብሎ መቁረጥ ጀመረ። ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ጌት ቀድሞ ይሂድ።

ረጃጅሞቹ ዘንጎች ሲመጡ ታጣፊ ስለሆኑ መስመራችሁ ጥሩ ከሆነ መጋጨታችሁ አይቀርም፣ መጋጨትም አለባችሁ። እጃችሁን ወደ ጎን እያወናጨፋችሁ አትምቱት፣ የውስጥ ክንዳችሁን ከነመከላከያው ፊት ላይ አርጉና ዘንጉ ራሱ እየመጣ ይታጠፍ። የእጅ፣ የደረትና የአገጭ መከላከያ ሳይኖር በረጅም ዘንግ መለማመድ የለም። ሦስት አራት ጌት ቀጥ ብለው የሚደረደሩበት ቦታ ሲመጣ መግቢያው ላይ ፍጥነት ቀንሱ፣ ውስጥ ገብቶ መቀነስ አይቻልም።

ሰባት፦ በረዶ በሌለበት ጊዜ

ዊልቸራችሁን ያዙና ጠፍጣፋ ፓርኪንግ ላይ ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ በየሁለት ሜትሩ ደርድሩ፣ በመሃላቸው እየተጥመዘመዛችሁ ሰዓት ያዙ፣ ዓይን ሁለት ሃይላንድ ቀድሞ። ለትከሻ ላስቲክ መሳብ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በተለይ ወደ ኋላ የሚስበውን፣ ዊልቸር መግፋት የፊቱን ብቻ ነው የሚያጠነክረው።

ስምንት፦ ዕቃና ገንዘብ

አሁን ነው የሚገዛው፣ ቢያንስ አንድ ዊንተር ተሞክሮ። የውድድር ሞኖስኪ በሺዎች ዶላር ነው የሚሸጠው፣ ብቻችሁን አትሸከሙት። የቻሌንጅድ አትሌትስ ፋውንዴሽን ለስፖርት ዕቃ ግራንት (የማይመለስ ድጋፍ) ይሰጣል፣ የኬሊ ብረሽ ፋውንዴሽን ደግሞ በተለይ የአከርካሪ ጉዳት ላለባቸው። ማመልከቻው ላይ የኛ ሰው ስለራሱ መናገር ያፍራል፣ አትፈሩ፣ የምትፈልጉትን ዕቃ በትክክል ስሙን ጻፉ፣ ኮቻችሁ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ስኪው ራሱ የስላሎም ይሁን፣ 155 ወይ 165 ሳንቲሜትር አካባቢ፣ መታጠፊያው ከ12 እስከ 13 ሜትር ራዲየስ የሆነ። ጠርዙ ከያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ይሞረድ፣ የውድድር በረዶ ውሃ ጠጥቶ እንደ መስታወት ነው የሚጠነክረው፣ ያልተሞረደ ስኪ አይነክሰውም።

ዘጠኝ፦ ምደባና ላይሰንስ

ለመወዳደር እንደ ጉዳታችሁ መጠን መመደብ ያስፈልጋል። የሕክምና ወረቀት ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፣ መዳቢዎቹ አስቀምጠው የሆድና የጀርባችሁን ጉልበት ይፈትሻሉ፣ ከዛም ስትወርዱ ያዩዋችኋል። የተቀማጮች ምድቦች ከኤልደብልዩ (LW) 10 እስከ ኤልደብልዩ 12 ናቸው፣ 10 ማለት የሆድና የጀርባ ቁጥጥር በጣም ያነሰው፣ 12 ደግሞ የተሻለው። የተለያየ ምድብ ያለው ሰው አብሮ ስለሚወዳደር ሰዓቱ በምድቡ ቁጥር ይባዛል። ለምሳሌ ያህል የአንዱ ቁጥር 0.80 ቢሆን በ60 ሰከንድ ቢወርድ የሚጻፍለት 48 ነው። ስለዚ ታች ቆማችሁ ሰዓት ስትይዙ ቀድማችሁ አትዘኑ። ከ2022 ጀምሮ ውድድሩን የሚመራው ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ስለሆነ ለዓለም አቀፍ ውድድር የሱ ላይሰንስ ያስፈልጋል፣ ለመጀመሪያው የክለብ ውድድር ግን የቡድናችሁ ምዝገባ ይበቃል፣ ኮቹን ጠይቁ።

አስር፦ የውድድር ቀን

ማታውኑ ቀበቶ፣ ብሎን፣ የአውትሪገር ገመድ፣ ሁሉም በእጅ ይነካ። ጠዋት ኮርሱን (ጌቶቹ የተተከሉበትን መንገድ) ማየት ይፈቀዳል፣ ግን በጌቶቹ ውስጥ መውረድ ያሰርዛል፣ በጎን እየተንሸራተታችሁ ነው የምታዩት። ሁሉንም ለማስታወስ አትሞክሩ፣ ሪትሙ የሚቀየርባቸውን ሦስት አራት ቦታ ያዙ፣ ከዛ ዓይን ጨፍኖ በእጅ እያሳዩ መውረድ። ተቀማጮች ብዙ ጊዜ መጨረሻ ስለሚወርዱ እናንተ ጋ ሲደርስ በረዶው ቦይ ሰርቷል፣ ጠዋት ያያችሁት ለስላሳ ኮርስ የለም፣ ስለዚ ከቦዩ ትንሽ ቀደም ብሎ መታጠፍ እንዳለባችሁ አስባችሁ ጠብቁ።

መነሻው ላይ ደንቡን ቀድማችሁ እወቁ። 2014 ሶቺ ላይ ጀርመናዊቷ አና ሻፍልሁበር 5 ወርቅ ነው የወሰደችው፣ ስላሎሙን ግን መነሻው ላይ በአውትሪገር አያያዝ ምክንያት ተሰርዛ፣ ይግባኝ ተብሎ ነው የተመለሰላት። እንደሷ ያለ ሰው ላይ ከደረሰ እኛ ላይም ይደርሳል፣ ልምምድ ላይ ሁልጊዜ ልክ እንደ ውድድር ተነሱ፣ አውትሪገር መሬት ላይ፣ ረጋ ብሎ፣ ሂድ ሲባል በሁለት እጅ ሦስት ጊዜ መግፋት።

በሁለቱ ዙር መሃል ሰዓታት አሉ፣ ሰው የሚበላሸው እዛ ነው። ሞኖስኪው ውስጥ አትቆዩ፣ ወደ ዊልቸር ውረዱ፣ ፊኛችሁን ባዶ አርጉ፣ የሚሞቅ ነገር ጠጡ፣ እግር ይታይ። የመጀመሪያውን ዙር ቪዲዮ አንዴ እዩ፣ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ለሁለተኛው። ወንድሜ የመጀመሪያ ውድድሩ ላይ ከታች ሁለተኛ ነበር የወጣው፣ መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ ስለ ሰባተኛው ጌት ብቻ ነበር የሚያወራው፣ "ነጥቧን ረሳኋት" ነው ያለኝ።

ቤት ስትደርሱ ሁሉም ሰው ቪዲዮ ይጠይቃችኋል፣ ቡናም ይፈላል። ቡትስና ካልሲ መጀመሪያ ይውለቅ፣ ተረከዝ፣ ቂጥ፣ ጅራት አጥንት አካባቢ በመብራት ይታይ፣ ቀይ ነገር ካለ በጣት ተጫኑት፣ ካልነጣ የነገው ልምምድ ቀርቷል፣ ለኮቹ ማታውኑ ደውሉ።